ካኑላዋ ዛሬም ታስፈልጋለች?

ደብረ ብርሃንም ይሁን መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማም ይሁን ሸዋሮቢት፣ ሆስፒታል የሚተኛ ሰው አልጋውን ሳይለምድ እጁ ላይ ካኑላ፣ መድኃኒትና ጉሉኮስ በደም ሥር የሚሰጥባት ቀጭን ቱቦ፣ ይገባለታል። የሳንባ ምች ይዟቸው ከመንዝ የመጡ አዛውንት፣ ደም እየፈሰሳት ከእንሳሮ በአምቡላንስ የደረሰች ወላድ፣ ከጋሪ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ልጅ፣ ሁሉም ክንዳቸው ላይ በፕላስተር የተያዘች ትንሽ ነገር ይዘው ይተኛሉ። ስለ በሽታቸው ይጠየቃል፣ ስለ መድኃኒታቸው ይጠየቃል። ስለዚህች ትንሽ ነገር ግን የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም። ይህን የምጽፈው መጠየቅ አለበት ብዬ ስለማምን ነው። በጥንቃቄ ያልተያዘች ወይም በጊዜ ያልወጣች ካኑላ፣ ሰው ሊታከም ከመጣበት ሕመም የባሰ ሕመም ደሙ ውስጥ ልትጨምርበት ትችላለች።

ብዙ ሰው እጁ ውስጥ መርፌ የቀረ ይመስለዋል፤ በዚህም ምክንያት ክንዱን ዘርግቶ ሳያንቀሳቅስ ይውላል። መርፌው የሚያገለግለው ለማስገባት ብቻ ነው። ደም ሥሩ ውስጥ እንደ ደረሰ ተመዞ ይወጣል፣ የሚቀረው ቀጭንና ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ከቆዳ ውጭ ያለው ጫፏ መጠኗን በቀለም ያሳያል፦ ለሕፃናት የምትሆነው ቀጭኗ ቢጫ፣ ከሷ ወፈር የምትለው ሰማያዊ፣ ለአዋቂ የተለመደችው ሮዝ፣ ብዙ ፈሳሽ ቶሎ ማግኘት ላለበት ሰው የምትመረጠው አረንጓዴ ናት። በዚያች ጫፍ በኩል መድኃኒትም፣ ጉሉኮስም፣ ደምም ያልፋል። ደም የሚፈሳትን ወላድ፣ በተቅማጥ ደርቆ ራሱን የሳተን ሕፃን የምታተርፈው ይህች ቱቦ ናት። ካኑላን መፍራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አደጋው በየት በኩል እንደሚመጣ ማወቅ ነው።

ጀርሙ በየት በኩል ይገባል

የጤነኛ ሰው ደም ጀርም የለበትም፤ ቆዳው ላይ ግን ሞልቷል። ቢታጠብም ባይታጠብም፣ የማንም ሰው ቆዳ ላይ ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ቆዳው እስካልተበሳ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያደርሱም። ካኑላ ስትገባ ቆዳው ይበሳል፣ ቱቦዋ እስካለች ድረስም ቀዳዳው አይደፈንም። የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው፦ ባክቴሪያዎቹ ከቆዳው ተነሥተው የቱቦዋን ውጫዊ ጎን እየተከተሉ ወደ ደም ሥሩ ይወርዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚከሰተው ኢንፌክሽን በአብዛኛው በዚህ በኩል የመጣ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በቱቦዋ ውስጥ ነው። መድኃኒት በተሰጠ ቁጥር ክዳኗ ይከፈታል፣ ሲሪንጅ ይገጠማል፣ የጉሉኮሱ መስመር ይነቀላል፣ መልሶ ይቀጠላል። ያን ጊዜ የነካት እጅ ያልጸዳ ከሆነ፣ ወይም ክዳኗ አልጋው ላይ ቆይታ ከተመለሰች፣ ጀርሙ ከመድኃኒቱ ጋር ተገፍቶ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ቱቦዋ በቆየች መጠን የዚህኛው መንገድ ድርሻ ይበዛል።

ሦስተኛው፣ የሚሰጠው ፈሳሽ ራሱ ሲበከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1971 አሜሪካ ውስጥ በተለያዩ ሆስፒታሎች የተኙ ሕሙማን ደም ውስጥ ተመሳሳይ ባክቴሪያዎች ሲገኙ፣ ምርመራው በመጨረሻ ያረፈው ከፋብሪካ በወጣው የጉሉኮስ ጠርሙስ ክዳን ላይ ነበር። የፋብሪካ ብክለት ብርቅ ነው። ዋርድ ውስጥ የሚደርሰው ብክለት ግን ብርቅ አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ ሌላ ቦታ ያለ ኢንፌክሽን፣ ለምሳሌ ከሳንባ ወይም ከሽንት መስመር፣ በደም ተጉዞ ቱቦዋ ላይ ያርፋል።

ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ባክቴሪያው ቱቦዋ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ይራባል፣ በዙሪያውም ዝልግልግ ሽፋን ያበጃል። የጠላ ጋን የሚያጥብ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ጋኑ በውኃ ብቻ ቢለቀለቅ ንጹሕ ይመስላል፣ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ግን በግራዋ ካልታሸና በወይራ ካልታጠነ የሚቀጥለውን ጥንስስ ያበላሻል። ደም ሥር ውስጥ ያለን ቱቦ ማሸትም ማጠንም አይቻልም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱ ደም ውስጥ የሚዞረውን ይገድላል፣ ሽፋኑ ሥር የተደበቀው ይተርፋል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ እንደገና ይበተናል። ታካሚው ሁለት ቀን ይሻለውና ትኩሳቱ ይመለሳል። ኢንፌክሽን የጀመራት ካኑላ መውጣት ያለባት ለዚህ ነው፤ እሷን ትቶ መድኃኒቱን ብቻ ማጠንከር ምንጩን ትቶ ጎርፉን ማሳደድ ነው።

ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ በአንድ ቦታ አይቆይም። በተለይ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው የልብን በሮች ሊበላ፣ አጥንትና መገጣጠሚያ ውስጥ ሊመግል ይችላል። ሰውነት ይህን ለመቋቋም የሚያደርገው ትግል ራሱ ከልኩ ሲያልፍ የደም ግፊት ይወድቃል፣ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፣ አእምሮ ይደነግዛል፤ ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት ይህንን ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ላይ ደግሞ ክሌብሴላ የሚባለው ባክቴሪያ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ውስጥ ዋነኛ ገዳይ ነው፣ ለብዙዎቹ የተለመዱ መድኃኒቶችም አይበገርም።

ዕጣ ፈንታ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ በሀብታም አገሮች ለአጣዳፊ ሕመም ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች 7ቱ፣ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ እዚያው ሳሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በቱቦ በኩል ወደ ደም የሚገባው ከነዚህ አንዱ ነው። ለረጅም ዘመን ሐኪሞችም ጭምር ይህን እንደ ሕክምና የማይቀር ዋጋ ይቆጥሩት ነበር። ሐሳቡ የተለወጠው በተለይ በአንድ ሥራ ምክንያት ነው።

ከእጅ ካኑላ ሌላ፣ በአንገት፣ በደረት ወይም በብሽሽት በኩል ገብቶ ልብ አጠገብ ካለ ትልቅ ደም መላሽ ሥር የሚደርስ ረጅም ቱቦ አለ፤ ማዕከላዊ ካቴተር ይባላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍልና ለኩላሊት እጥበት ይውላል። በአንድ ቱቦ ሲታይ ከእጅ ካኑላ ይልቅ የሱ አደጋ እጅግ ይበልጣል። ፒተር ፕሮኖቮስት የሚባል የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና ባልደረቦቹ አሜሪካ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት ውስጥ ባሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች አምስት ነገሮች ሳይጓደሉ እንዲደረጉ አደረጉ፦ እጅ መታጠብ፤ ቱቦው ሲገባ የጸዳ ጓንት፣ ጋውን፣ ማስክና ቆብ ማድረግና ታካሚውን በጸዳ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ መሸፈን፤ ቆዳውን ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ ማጽዳት፤ የሚቻል ሲሆን ብሽሽትን መተው፤ የማያስፈልግ ቱቦ ወዲያው ማውጣት። ከነዚህ አንዱም አዲስ ግኝት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በታተመው ውጤት 103 ክፍሎች መረጃ ሰጥተው ነበር። በየ1000 የካቴተር ቀኑ በአማካይ 7.7 የነበረው ኢንፌክሽን ከ16 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ወደ 1.4 ወረደ። የካቴተር ቀን ማለት አንድ ሰው ቱቦ ይዞ የሚያድርበት አንድ ቀን ነው፤ አሥር ሰዎች ቱቦ ይዘው አንድ ቀን ቢተኙ አሥር የካቴተር ቀን ይባላል።

ከዚያ ሥራ ውስጥ እኔ ሁልጊዜ የማነሣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ በአንድ ጋሪ ላይ ተሰናድቶ ይቀመጥ ነበር፤ ሰው ጓንት ፍለጋ እየተሯሯጠ ጥንቃቄ አያደርግም። ሁለተኛው፣ ነርሷ ሐኪሙ አንዱን ነገር ሲዘል ካየች፣ ሁኔታው ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ነበራት። አክብሮት በበዛበት ባህላችን ይህ ሁለተኛው ከክሎርሄክሲዲን ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል፤ ጥቅሙም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነው። በአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በጠቅላላው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ 43,000 ይገመት የነበረው በማዕከላዊ ካቴተር የሚመጣ የደም ኢንፌክሽን በ2009 ወደ 18,000 ወርዷል።

ስትገባ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አብዛኛው ታካሚ የሚያገኘው የእጅ ካኑላን ስለሆነ ከዚህ በኋላ ስለ እሷ ነው የማወራው። በአንዷ ካኑላ የሚመጣው አደጋ አነስተኛ ነው። ነገር ግን የሚተኛ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለሚገባለት፣ አነስተኛው ተደምሮ ብዙ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት እጅ ነው። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና በውኃ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ጓንት የእጅ መታጠብን አይተካም፤ ባልታጠበ እጅ የተነካ ጓንት እንደ እጁ ነው። ውኃ በተቋረጠ ቀን ሥራው እንዳይበላሽ የእጅ ማሻ አልኮል የግድ ይላል። ይህን ከውጭ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለሆስፒታል ፋርማሲ ተብሎ የተሠራ ነው። ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ ቀሪው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ነው፤ ተዘጋጅቶ 72 ሰዓት ከቆየ በኋላ ሥራ ላይ ይውላል። ኢታኖል ደግሞ እንደ ፊንጫና መተሐራ ካሉ የአገራችን ስኳር ፋብሪካዎች ይወጣል።

ቆዳው አልኮል ባለበት ክሎርሄክሲዲን ቢጸዳ ይመረጣል፣ ከሌለም በ70 በመቶ አልኮል ወይም በአዮዲን ይጸዳል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ላይ ክሎርሄክሲዲን ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየትኛውም ቢጸዳ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ጀርሙን የሚገድለው መቀባቱ ብቻ ሳይሆን በራሱ ጊዜ መድረቁ ጭምር ነው፤ እፍ ብሎ ማድረቅ የአፍን ጀርም መጨመር ነው። ሁለት ልማዶች ደግሞ ጥረቱን ሁሉ ያበላሻሉ። አንዱ፣ ከጸዳ በኋላ ደም ሥሩን ለማግኘት ቦታውን በጣት መልሶ መዳሰስ። ሌላው፣ ጥጥን አስቀድሞ አልኮል ውስጥ ነክሮ በአንድ ዕቃ ማስቀመጥና ቀኑን ሙሉ ሁሉም እጁን እየከተተ መውሰድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ አልኮሉ ይተናል፣ የየእጁ ባክቴሪያ ይከማቻል፣ ማጽጃ የተባለው ራሱ መበከያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ደጋው የራሱ ችግር አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንዝም ከዚያ አይሞቅም። ብርድ የቆዳ ደም ሥሮችን ያኮማትራል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ከቀዝቃዛ አምቡላንስ የወረደ ሰው እጅ ላይ ደም ሥር ማግኘት ከባድ ነው፣ አንዴ ሳይሳካ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይሞከራል። በየሙከራው ቆዳው ይበሳል፣ ጥድፊያውም ጥንቃቄን ይበላል። ክንዱን ለጥቂት ደቂቃ በሞቀ ጨርቅ መጠቅለል፣ እጁን ከልብ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል፣ ጡጫ እያስጨበጡ መፍታት ሥራውን ያቀላል። ሁለት ጊዜ የሞከረ ባለሙያ የበለጠ ልምድ ያለውን ቢጠራ ነውር የለውም። ያልተሳካችው ካኑላም ትጣላለች እንጂ ተመልሳ አትገባም።

ቀኑና ሰዓቱ ፕላስተሩ ላይ መጻፍ አለበት። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በኛ ዞን ትልቅ ነው፤ ታካሚው ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይባላልና። ካኑላዋ የገባችው ጤና ጣቢያ ይሁን በመንገድ ላይ፣ ትናንት ይሁን ከትናንት ወዲያ የሚነግር የለም። በድንገተኛ ጥድፊያ፣ ጽዳቱ ሳይሟላ የገባች ካኑላ ደግሞ ታካሚው እንደ ተረጋጋ፣ ቢዘገይ በሁለት ቀን ውስጥ፣ በሌላ መተካት አለባት።

ስትኖር

ሰሜን ሸዋ ደጋም ቆላም ነው፣ ሁለቱም ካኑላን በየራሳቸው መንገድ ያበላሻሉ። ሸዋሮቢትና አጣዬ በኩል ሙቀቱ ላብ ያስወጣል፣ ፕላስተሩ በላብ ይለቅቃል፣ ቱቦዋ ትወጣለች፣ ትገባለች፤ በተንቀሳቀሰች ቁጥር የቆዳውን ጀርም ይዛ ትወርዳለች። ደጋው ላይ ደግሞ ታካሚው ጋቢውንና ባናውን እስከ አንገቱ ተከናንቦ ይተኛል። ቦታው ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ፈሳሽ ቢወጣው የሚያየው የለም። ራውንድ የሚያደርገው ሐኪምም፣ መድኃኒት የምትሰጠው ነርስም ቢሆኑ ክንዱን አውጥተው ካላዩ አያውቁም። በየሺፍቱ አንድ ጊዜ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ማየትና ጫን ብሎ መዳሰስ፣ «ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የረጠበ፣ የቆሸሸ ወይም የለቀቀ ፕላስተር ያን ቀን ይቀየራል፤ በጎዝ የተሸፈነ ከሆነ ባይቆሽሽም በየሁለት ቀኑ።

መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የካኑላዋ አፍ በአልኮል ታሽቶ መድረቅ አለበት። ክዳን ስትጠፋ በጥጥ መወተፍ፣ ወይም ባዶ ሲሪንጅ ሰክቶ መተው ክዳን አይሆንም። ከመድኃኒት በፊትና በኋላ ቱቦዋን በጸዳ የጨው ውኃ ማጠብ ጥሩ ነው፤ እንቢ ካለች ግን በኃይል አይገፋም፣ የረጋው ደም ሊሄድ ይችላልና።

ወደ ፈሳሹ ብክለት እመለሳለሁ ያልኩት አሁን ነው። ዱቄት መድኃኒት መበጥበጫ ወይም ቱቦ ማጠቢያ ተብሎ አንድ ጠርሙስ የጨው ውኃ ተከፍቶ፣ ላስቲኩ ላይ መርፌ እንደ ተሰካ ለዋርዱ ሁሉ ሲያገለግል ይውላል። ዕቃ ስለሚያንስ፣ ነርሷም አንድ ለብዙ ስለሆነች የሚደረግ ነገር ነው፤ አደጋው ግን ግዙፍ ነው። አንድ ያልጸዳ ሲሪንጅ አንድ ጊዜ ከገባበት ጠርሙሱ የሁሉም ሰው ምንጭ ይሆናል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከአንድ ሕፃን ወደ ሌላው የሚዛመት ወረርሽኝ ከሚነሣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ትንንሽ ጠርሙስ ወይም አምፑል ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ፣ ቀሪው ይደፋል። ብክነት ይመስላል፤ በአንድ ሕፃን ደም ውስጥ የገባን ክሌብሴላ ለማከም የሚወጣው ገንዘብ ግን ብዙ ጠርሙስ ይገዛል፣ ያውም ሕፃኑ ከተረፈ። የጉሉኮሱ መስመር ሳይነካካ እስከ አራት ቀን ሊያገለግል ይችላል፤ ደም ያለፈበት ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ይቀየራል።

ጉሉኮስ ጉልበት ነው?

አንድ ነገር ከኛ ከሕዝቡ በኩልም መነገር አለበት። «ዶክተር፣ ጉሉኮስ ሳይሰቀልልኝ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያልተሰቀለለት ያልታከመ ይመስለዋል፣ አስታማሚም ቅር ይለዋል። ባለ 5 በመቶ አንድ ሊትር ጉሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው፣ የሚሰጠውም ጉልበት 170 ካሎሪ ገደማ። አፉ የሚሠራ፣ የማያስመልሰው ሰው አንድ ሳህን ገንፎ ቢበላ ከዚያ የበለጠ ያገኛል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ነቅቶ መጠጣት ከቻለ ኦአርኤስ፣ በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ይበቃዋል። መድኃኒትም እንደዚሁ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል በአፍ ሲዋጥ በደም ሥር ከሚሰጠው ጋር ያው ማለት ይቻላል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንም አብዛኛው ወደ ደም ይገባል። ትኩሳቱ የበረደለት፣ መብላት የጀመረ ታካሚ ብዙ ጊዜ ወደሚዋጥ መድኃኒት ሊዞር ይችላል፤ ያን ጊዜ ካኑላዋ ሥራ የላትም።

ሥራ የሌላት ካኑላ ግን በየዋርዱ አለች። መድኃኒቱ ከትናንት በስቲያ አልቋል፣ «ምናልባት ብታስፈልግ» ተብላ ትቀመጣለች። በኔ እምነት ከዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ በጣም ቀላሉና በጣም የተረሳው ይህ ነው። ቆዳ ማጽጃ ቢጠፋ፣ ውኃ ቢቋረጥ፣ ጓንት ቢያልቅ፣ የማታስፈልግን ካኑላ ለማውጣት ንጹሕ እጅና አንድ ቁራጭ ጎዝ ይበቃል። የወጣች ካኑላ ደግሞ ማንንም አትመርዝም።

የምታስፈልገው ካኑላስ ስንት ቀን ትቆይ? እዚህ ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም። ለብዙ ዓመታት በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ ትቀየር ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ ከ3,000 በላይ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ችግር ሲታይ ብቻ መቀየርና በየ3 ቀኑ መቀየር በደም ሥር መቆጣት በኩል ልዩነት እንደሌላቸው አሳየ፤ ታካሚውም ሳያስፈልግ ከመወጋት ዳነ። ከዚያ ጄኔቫ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ቀን ቆጥሮ መቀየርን ሲተው የደም ኢንፌክሽኑ እንደ ጨመረ በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት 2024 ስለዚሁ ጉዳይ መመሪያ አውጥቷል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ «ችግር ሲታይ ብቻ» የሚለው የሚሠራው በየቀኑ የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። አንድ ነርስ ለብዙ አልጋ በምትሮጥበት ዋርድ፣ ጋቢ ሥር ያለን ክንድ በየሺፍቱ የማየት ልማድ እስኪጸና ድረስ፣ ለአዋቂ ታካሚ ቀን ቆጥሮ መቀየሩ የተሻለ ነው። ደም ሥር የማይገኝለት ሕፃንና አዛውንት ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እነሱን በዓይን መጠበቅ ነው።

አስታማሚው

በኛ አገር ታካሚ ብቻውን አይተኛም። ልጅ፣ እህት፣ የጎረቤት ሰው አጠገቡ ያድራል። ያብሰዋል፣ ያጎርሰዋል፣ ወደ መጸዳጃ ይደግፈዋል፣ ጉሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የሚጠራው እሱ ነው። ስለዚህ ከማንም ይበልጥ ክንዱን የሚያየው እሱ ነው። የመስመሩን መንኰራኩር ራሱ ማዞር፣ የተነቀለን መስመር መልሶ መሰካት የለበትም። እጁን ሳይታጠብ ፕላስተሩን መነካካት የለበትም። ማየትና መጠየቅ ግን ይችላል፣ መብቱም ነው።

መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ። «ሲስተር፣ የአባቴ ካኑላ ዛሬም ታስፈልጋለች?» ማለት ማንንም አይነካም። ጠዋት ራውንድ ሲዞር ቢጠየቅ ይመረጣል፤ ውሳኔ ሰጪው ሐኪም ያን ጊዜ አልጋው አጠገብ ነው። «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ለእጅዎ አልኮል ላምጣልዎት?» ብሎ ጠርሙሱን ማቀበልም ይቻላል። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም። ለባለሙያዎቹም የምለው አለኝ፦ ከጅሩ ወይም ከግሼ የመጣ ገበሬ እንዲህ ብሎ ለመጠየቅ ምን ያህል ልቡን እንዳጸና አስቡ፣ በሚገባ መልሱለት።

የሚታዩ ምልክቶች ብዙ አይደሉም። ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲነኩት ካመመ፣ መግል ካዠ፣ ወይም ደም ሥሩ እንደ ገመድ ከጠነከረ ወዲያው ይነገር። ቦታው ደኅና መስሎም ደሙ ሊመረዝ ይችላል። ሆስፒታል ከገባ ሁለት ቀን ካለፈው በኋላ አዲስ ትኩሳት የጀመረው ሰው፣ በተለይ መድኃኒት በካኑላ ከተሰጠው ብዙም ሳይቆይ ብርድ ብርድ ብሎት የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ፣ ካኑላዋ መጠርጠር አለባት። ከቀወትና ከኤፍራታ ግድም ቆላ የመጣ ሰው ሲንቀጠቀጥ «ወባው ተነሣበት» ይባላል። ወባ ሊሆን ይችላል፣ ይመርመር፤ ግን ካኑላዋም አብራ ትታይ። መናገር የተሳነው፣ ትንፋሹ የፈጠነ፣ ሽንቱ የቀነሰ ታካሚ ደግሞ እስኪነጋ የሚጠበቅ አይደለም። ሐኪሙ የደም ካልቸር፣ ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ፣ ካዘዘ ደሙ ከአዲስ ቦታ፣ ቢቻል ከሁለት ክንድ፣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይቀዳል እንጂ ከካኑላዋ አይቀዳም።

ካኑላ ይዘው ወደ ቤት የሚሄዱም አሉ፤ መድኃኒታቸውን ጠዋትና ማታ ጤና ጣቢያ እየተመላለሱ የሚወጉ። ለነዚህ ትልቁ አደጋ ውኃና አፈር ነው። እጁ እርሻ ውስጥ፣ ከብት በረት ውስጥ፣ ሊጥ ውስጥ መግባት የለበትም። ጠበል ለሚሄዱም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ይሁን ጻድቃኔ ማርያም፣ መጠጣቱ ካኑላዋን አይነካም፤ መጠመቅ ካለ ግን ክንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከውኃው ውጭ ይያዝ፣ ወይም ካኑላዋ እስክትወጣ ይቆይ። ቦታው ላይ እምነትም፣ ቅቤም፣ ሌላ ቅባትም አይቀባ። ሕሙማኑ ስለዚህ ከሐኪም እኩል የሚሰሙት ካህናቱንና የጠበሉን አገልጋዮች ነው፤ ቢነግሩልን ብዙ ሰው ይድናል።

ካኑላዋ ስትወጣ ቦታው በጎዝ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ ይያዛል፣ አይታሽም። ጉዳዩ በዚያው አያበቃም፤ ካኑላዋ ከወጣች ሁለትና ሦስት ቀን በኋላም ደም ሥሩ ሊቆጣ ይችላል። ቤት ከገቡ በኋላ ቦታው ቢቀላ ወይም ትኩሳት ቢነሣ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድና ከሁሉ በፊት ይህን መናገር ነው፦ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ ካኑላ በዚህኛው እጄ ገብቶልኝ ነበር፣ የገባው በዚህ ቀን፣ የወጣው በዚህ ቀን።